በረጅም የአውሮፓ ጉዞ ካምፐር ቫን መንገድ ላይ ቢቆምብን ምን እናድርግ?

የድልድዩ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። እህቴና ባለቤቷ የሚኖሩት ሙኒክ ነው፤ አልጋ፣ ምድጃና ማቀዝቀዣ የተገጠመለት፣ በፈረንጆቹ 1998 የተሠራ፣ ባለ 2.8 ናፍጣ ሞተር የፊያት ዱካቶ ካምፐር ቫን አላቸው። ከጁላይ አጋማሽ ጀምሮ አራት ሆነን በዚህ መኪና ከሙኒክ ተነሥተን፣ በብሬነር በኩል ጣሊያን ገብተን፣ ቬሮናን፣ ቦሎኛንና ጄኖቫን አይተን፣ በደቡብ ፈረንሳይ አልፈን እስከ ቫሌንሲያ ወርደን ለመመለስ አስበናል። 70 ቀን ይፈጃል ብለን ገምተናል።

እኔ የምኖረው ፒያሳ፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳይርቅ ሲሆን፣ መኪና የነዳሁትም በአብዛኛው በዚሁ ከተማ ነው። እዚህ መኪና ሲቆም ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት ኮሮላዬ ቸርቸል ጎዳና ዳገቱ መሀል ላይ ጠፍታ አልነሳ ስትለኝ፣ ገና ኮፈኑን ሳልከፍት ሁለት ጎረምሶች ከጎማው ሥር ድንጋይ አስገቡልኝ፤ አንድ ሎተሪ አዟሪ «ባትሪ ነው» ብሎ ፈረደ፤ ሌላው ደግሞ የሚያውቀውን መካኒክ በስልክ ጠራልኝ። መካኒኩ ሞተሪኖውን፣ ማለትም ሞተር ማስነሻውን፣ በመዶሻ እጀታ ሁለቴ መታ መታ ሲያደርገው መኪናዋ ተነሣች፤ ነገሩ ሁሉ ከ40 ደቂቃ አልበለጠም። አውሮፓ ውስጥ እንዲህ ያለ ወገን ከየት ይመጣል?

የእህቴ ባለቤት መኪናው ጤነኛ እንደሆነ ይናገራል፤ ሆኖም ባለፈው ዓመት ከከተማ ርቆ እንዳልወጣ እሱው ነግሮኛል። ስለዚህ ማወቅ የምፈልገው፣ መኪናው በፈጣን መንገድ ላይ ቢቆም ለማን እንደሚደወል፣ ከመነሣታችን በፊት ምን መታየት እንዳለበት፣ ምን ዓይነት መለዋወጫ መያዝ እንደሚገባንና ከሶማሌ ተራ ገዝቼ ብወስድ የሚጠቅም ነገር መኖር አለመኖሩን ነው። ጋራዡ መኪናውን ይዞ ሁለት ሳምንት ቢቆይብንስ፣ ቤታችንም መኪናው ስለሆነ፣ የት እናድራለን?

የአራት ኪሎዋ

ወንድሜ፣ ጀርመን 11 ዓመት ኖሬ ወደ አራት ኪሎ የተመለስኩት በቅርቡ ነው። ሁለት በጋ ከባለቤቴ ጋር በአሮጌ ካምፐር ጣሊያንንና ፈረንሳይን ስለዞርን፣ የቆምንበትን ቦታ ሁሉ እስካሁን አስታውሰዋለሁ። አስቀድሜ ልነግርዎት የምፈልገው፣ ስለ ቸርቸል ጎዳና የጻፉት ልማድ ሁሉ ፈጣን መንገድ ላይ ሲወጡ መረሳት እንዳለበት ነው።

እኛ የቆምነው ከብሬነር ወደ ቦልዛኖ በሚወርደው አውራ ጎዳና ላይ ነበር። መጀመሪያ የባትሪው ቀይ መብራት በራ፤ ወዲያው መሪው ከበደ፤ የሙቀት መለኪያው ደግሞ ዓይናችን እያየ ሽቅብ ወጣ። ባለቤቴ መኪናውን ወደ ድንገተኛ መቆሚያው መስመር አወጣውና፣ የአዲስ አበባ ልጅ ነውና፣ ዘሎ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት አንድ ረጅም የጭነት መኪና ከጎናችን ሲያልፍ ካምፐራችን በነፋሱ ብቻ እንደ ቃሬዛ ተወዛወዘ፤ ባለቤቴም የከፈተውን ሳይዘጋ ወደ እኔ ሮጠ። የተበጠሰው ቺንጋ መሆኑን ያወቅነው በኋላ ነው፤ በዚያ ቦታ ላይ ማወቃችን ግን ምንም አይጠቅመንም ነበር።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። አራቱንም ፍሬቻ ያበራሉ፤ አንጸባራቂውን ሰደርያ በር ሳይከፍቱ፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ይለብሳሉ፤ ስለዚህ ሰደርያው ከኋላ ከብርድ ልብሱ ሥር ሳይሆን ከሹፌሩ አጠገብ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ መኖር አለበት። ሁሉም ሰው ትራፊክ በሌለበት በቀኝ በኩል ይወርድና ከብረት መከላከያው ማዶ ይሻገራል። እኛ አገር ሰው መኪናው ሲቆም ቅጠልና ድንጋይ እንደሚያኖረው ሁሉ፣ እዚያም ባለ ሦስት ማዕዘኑ ምልክት ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ይቀመጣል፤ ወደዚያ ሲሄዱም ከብረቱ በስተውጭ ነው። ፈረንሳይ ውስጥ ግን ምልክቱን ማኖር ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ይተዉት፤ ሕጉም ይህንኑ ይፈቅዳል። ከዚያ በኋላ ውሻም ቢሆን፣ ፓስፖርትም ቢሆን ለማምጣት ወደ መኪናው መመለስ የለም።

ለመደወል የሚሻለው ብዙ ጊዜ ሞባይል አይደለም። በጣሊያንና በፈረንሳይ አውራ ጎዳናዎች ዳር በየ2 ኪሎ ሜትሩ የድንገተኛ ጥሪ ምሰሶ ቆሟል፤ በጀርመንም እንዲሁ አለ፤ እዚያ በመንገዱ ዳር ባሉት ትናንሽ ነጭ ምሰሶዎች ላይ ያለው ጥቁር ቀስት ቅርቡ ስልክ በየት በኩል እንዳለ ያሳያል። ከምሰሶው ሲደውሉ የት እንዳሉ እነሱው ያውቃሉ፤ የቦታውን ስም በማያውቁት ቋንቋ ለመጥራት መንተባተብ አይኖርብዎትም። የተጎዳ ሰው ካለ ወይም መኪናው መንገድ ዘግቶ አደጋ የሚያመጣ ከሆነ 112 በሁሉም የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ይሠራል። በፈረንሳይ አውራ ጎዳና ላይ የራስዎ ኢንሹራንስ የፈለገውን ጎታች ሊልክልዎ እንደማይችል ከወዲሁ ይወቁ፤ የሚያነሣችሁ ለዚያ መንገድ ፈቃድ ያለው ድርጅት ብቻ ነው። ለቀላል መኪና ዋጋው በመንግሥት የተወሰነ ሲሆን፣ በሌሊት፣ በቅዳሜና እሑድ እንዲሁም በበዓል 50 በመቶ ይጨመርበታል። ይከፍሉና ደረሰኙን ለኢንሹራንሱ ያቀርባሉ።

እህትዎ ዛሬውኑ ልታጣራው የሚገባ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 1903 የተቋቋመው የጀርመን አሽከርካሪዎች ማኅበር፣ አዴአሴ የሚሉት፣ ተራው አባልነት ለአገር ውስጥ ሲሆን፣ ለመላው አውሮፓ የሚሠራው ፕሉስ የተባለው ነው። ከመኪናው ኢንሹራንስ ጋር ተያይዞ የሚገዛ ሹትስብሪፍ የሚባል የመንገድ ላይ እርዳታ ውልም አለ። የትኛውም ቢሆን ውሉ የካምፐሩን ቁመት፣ ርዝመትና ክብደት የሚቀበል መሆኑን፣ የተሳፋሪዎችን ማደሪያ የሚሸፍን መሆኑንና መኪናው እዚያ መጠገን ካልቻለ እስከ ሙኒክ ጭኖ የሚመልስ መሆኑን በጽሑፍ ያረጋግጡ። በጣሊያን ደግሞ አቺ የሚባለው ማኅበር በ803 116 ይገኛል፤ አባል ያልሆነ ሰው ግን አገልግሎቱን በክፍያ ነው የሚያገኘው።

ማደሪያን በተመለከተ፣ እኛ የቆምንበት ቀን ኦገስት 14 ነበር። ኦገስት 15 ለጣሊያን ፌራጎስቶ ነው፤ በዓሉ አንድ ቀን ቢሆንም በዙሪያው ያሉት ሳምንታት የአገሩ ሁሉ ዕረፍት ስለሆኑ ብዙ ጋራዦች ይዘጋሉ። ጎታቹ የወሰደን ጋራዥ ባለቤት፣ ዘይት በነካው እጁ ቀን መቁጠሪያ እያሳየ፣ እስከ 17 እንደማይነካው ነገረን፤ ቀጥሎ ግን የግቢውን ቁልፍ ሰጠን፤ የውሃ ቧንቧውንና መጸዳጃ ቤቱንም አሳየን። ሦስት ሌሊት በተሰቀሉ መኪኖች መካከል በገዛ አልጋችን ላይ አደርን። ብዙ ጋራዥ እንዲህ ይፈቅዳል፤ በትሕትና መጠየቅ ብቻ ነው። መኪናው ተነሥቶ ሊፍት ላይ ከተሰቀለ ግን አይታደርበትም፤ ለዚያ ቀን የሚሆን ቦርሳ ለብቻ አዘጋጁ።

እዚያው ጋራዥ የገጠመኝን ሳልነግርዎ አላልፍም። ጣሊያንኛ አልችልም፤ ሰውየው ደግሞ ከጀርመንኛ ሰላምታ ያለፈ አያውቅም። ባለቤቴ ተስፋ ቆርጦ በአማርኛ «ቺንጋ! ቺንጋው ነው!» ሲል ሰውየው ቀና ብሎ «ሲ፣ ቺንጊያ!» አለ። ከዚያማ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ፖምፓ፣ ባልስትራ፣ ካምቢዮ፣ ያለንን ሁሉ አወረድንለት፤ እሱም እየሳቀ አንድ በአንድ ተቀበለን። የእኛ ጋራዥ የሚናገረው ቋንቋ ከዚያው ከጣሊያን የመጣ መሆኑን አውቀው ነበር፤ አፌ ላይ ሆኖ ሲያገለግለኝ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሁሉም እንዲህ አልነበረም። በፈረንሳይ አንድ ጋራዥ ለፍተሻ ብቻ የሰጠነውን መኪና አልተርኔተሩን ቀይሮ፣ የማላነበው ወረቀት ላይ ትልቅ ቁጥር ጽፎ ጠበቀን። ቁልፍ ከማስረከባችሁ በፊት ፕሮፎርማ በጽሑፍ ጠይቁ፤ በጣሊያን ፕሬቬንቲቮ፣ በፈረንሳይ ዴቪ፣ በስፔን ፕሬሱፑዌስቶ ይሉታል። አሮጌው ዕቃ እንዲመለስላችሁም አስቀድማችሁ ተናገሩ።

መካኒኩ ዘተክለ ሃይማኖት

ልጄ፣ ሞተሩ 2.8 ናፍጣ ከሆነ እኔ በበኩሌ ደስ ብሎኛል። በዚያ ዘመን ዱካቶ ላይ የተገጠመው 2.8 ሶፊም የሚባለው ሞተር ነው፤ ከኢቬኮ ዴይሊ ሞተር ጋር የአንድ ቤተሰብ ልጆች ናቸው፤ ኢቬኮ ደግሞ ለአዲስ አበባ መካኒክ ባዕድ አይደለም። ጠንካራ ሞተር ነው፤ ሁለት ነገር ግን ይቅር አይልም፤ ሙቀትንና የታይሚንግ ቺንጋን፣ ማለትም ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር አስተባብሮ የሚያዞረውን ቀበቶ። ቺንጋው መቼ እንደተቀየረ የእህትህ ባለቤት ወረቀት ማሳየት ካልቻለ እንዳልተቀየረ ቁጠረውና ከመነሣታችሁ በፊት፣ ከማጠንጠኛው ኩሽኔታ ጋር አብሮ ይቀየር። እሱ መንገድ ላይ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኑ ጋር ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ የምትጠሩት ጎታች እንጂ መካኒክ አይደለም።

ከሙቀቱ ጋር በተያያዘ፣ የራዲያተሩን ማኒኮቶዎች፣ የውሃ ጎማዎቹን ማለቴ ነው፣ ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ በእጅህ ጨብጣቸው። ጤነኛው እንደ ሕፃን ክንድ ልልም ጠንካራም ነው፤ ያረጀው ወይ እንደ ብስኩት ይሰነጠቃል፣ ወይ ዘይት ጠጥቶ ይላላል። ሌሊቱን አድሮ ጠዋት ቀዝቃዛ ሳለ ተወጥሮ ካገኘኸው ደግሞ የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ጓርኒሲዮን እያስተላለፈ ሊሆን ይችላልና ጉዞው ይቆይ። መኪናው ውስጥ ጣፋጭ ሽታ ከሸተታችሁና ወለሉ ከረጠበ፣ ኩላንት ከማሞቂያው ራዲያተር እየወጣ ነው።

ዳገት ላይ መለኪያው ሲወጣ የምታደርገውን ልንገርህ። ማርሹን ዝቅ አድርግ፤ ኤርኮንዲሽን ካለ አጥፋ፤ የውስጡን ማሞቂያ በሙሉ ኃይሉ ክፈተው። በኦገስት ላብ በላብ ትሆናላችሁ፤ ማሞቂያው ግን ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ለሞተሩ እፎይታ ይሰጠዋል። ካልወረደ ቁም፤ የራዲያተሩን ክዳን ግን ሞተሩ ሳይቀዘቅዝ እንዳትነካ። ክዳኑ ውሃውን በግፊት አፍኖ ስለሚይዘው ከመፍላት ይጠብቀዋል፤ ስትከፍተው ግፊቱ በአንድ ጊዜ ይወድቅና ውሃው ፈልቶ ፊትህ ላይ ይመጣል። እኛ ጋ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ይህን ያልቀመሰ የአዲስ አበባ ሹፌር የለም፤ እጄ ላይ ያለው ጠባሳም የዚሁ ነው።

ቁልቁለቱ ከዳገቱ ይብሳል። ብሬነር ራሱ 1,370 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለአንተ ተራራ አይመስልህም፤ ከፒያሳም ከሽሮ ሜዳም በጣም ዝቅ ያለ ነው። ችግሩ ከፍታው ሳይሆን የመውረጃው ርዝመትና የካምፐሩ ክብደት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የወረደ ሰው የሚያውቀውን አድርግ፤ በወጣህበት ማርሽ ውረድ፤ ፍሬኑን ረግጠህ አትያዘው፤ ጠንከር አድርገህ ርገጥና ልቀቀው። የፍሬን ዘይት በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበት ያለው ዘይት ሲግል አረፋ ይሠራል፤ ያን ጊዜ ፔዳሉን ስትረግጠው ስፖንጅ እንደረገጥክ ሆኖ እስከ ወለሉ ይወርዳል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ የእናንተው ባለፈው ዓመት ከከተማ ካልወጣ ማንም አላሰበበትም ይሆናልና ጠይቅ።

ክብደቱን ሳትለኩ እንዳትወጡ። አብዛኛው ካምፐር የሚፈቀድለት 3.5 ቶን ነው። 100 ሊትር ውሃ ሞልታችሁ 100 ኪሎ ጨመራችሁ፤ አራት ሰው፣ ብስክሌት፣ የእህትህ በርበሬና ሽሮ ሲጨመርበት ባልስትራውም ጎማውም ፍሬኑም ከአቅማቸው በላይ ይሠራሉ። ውሃ በየደረሳችሁበት ይገኛልና ታንኩን ሞልታችሁ አትጓዙ።

መለዋወጫ ከሶማሌ ተራ ይዘህ አትሂድ። እኔ የዕለት እንጀራዬን የማገኘው ከሶማሌ ተራ ነው፤ ቢሆንም እዚያ የሻንሲ ቁጥሩን ሰጥተህ ልኩን በዋናው ዋጋ ማግኘት ስትችል፣ በአውሮፕላን ተሸክመህ የምትሄደው ላይገጥም ይችላል። መኪናው ውስጥ የምታኖሩት አንድ የአልተርኔተር ቺንጋ፣ የላይና የታች ማኒኮቶ፣ ከልክ ልካቸው ፋሼታ (ማሰሪያ ቀለበት) ጋር፣ የናፍጣ ፊልትሮ፣ ፊውዝና አምፖል፣ አምስት ሊትር ውሃ፣ አንድ ጋሎን የሞተር ዘይት፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የባትሪ ኬብልና የጭነቱን ክብደት የሚችል ክሪክ ነው። ራሳችሁ መግጠም ባትችሉም ችግር የለም፤ በበዓል ማግስት ዕቃ የሚያደርስ ሲጠፋ፣ ዕቃውን ይዞ የመጣን ሰው ማንኛውም መካኒክ ያስቀድመዋል። ዱካቶ፣ ፔዦ ቦክሰርና ሲትሮይን ጃምፐር ከአንድ ፋብሪካ፣ ጣሊያን አቴሳ ከሚባል ቦታ የወጡ መንትዮች ስለሆኑ፣ በፈረንሳይም የፍሬን ሸራ ወይም መስታወት ብትፈልጉ የፊያት ሱቅ አልተገኘም ብላችሁ አትጨነቁ።

ስኮርታ፣ ትርፍ ጎማው፣ መኖሩንም በዓይንህ እይ። ካምፐር ሠሪዎች ቦታ ለመቆጠብ ስኮርታውን አስወግደው አረፋ የሚነፋ ጣሳ ብቻ የሚሰጡበት ጊዜ ብዙ ነው፤ ጣሳው የተቀደደ ጎማ አያድንም። ጎማው ደግሞ ጥርሱ ሙሉ ስለሆነ ብቻ አትመነው፤ ቆሞ የሚከርም መኪና ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። በጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ልከህልኝ ልየው።

ናፍጣና ቤንዚን

አጭር ነገር ልጨምር። በጣሊያን ናፍጣ «ጋዞሊዮ» ይባላል፤ በስፔን «ጋሶሊና» ማለት ግን ቤንዚን ነው። ሁለት ሳምንት ጣሊያን ከርሞ ጆሮው የለመደ ሰው ባርሴሎና ሲደርስ ምን እንደሚሠራ አስቡት፤ እኔ ሠርቼዋለሁ። ስሙን ትታችሁ ቧንቧው ላይ ያለውን ምልክት ተመልከቱ፤ በፈረንጆቹ ከ2018 ጀምሮ በመላው አውሮፓ ኅብረት ናፍጣ በአራት ማዕዘን ውስጥ ቢ7፣ ቤንዚን ደግሞ በክብ ውስጥ ኢ5 ወይም ኢ10 ተብሎ ይጻፋል። ከተሳሳታችሁ ቁልፉን ጭራሽ አትንኩት፤ ገፍታችሁ ከማደያው አውጡና ታንኩ እንዲገለበጥ አድርጉ። በጀርመን አውቶባን ላይ ነዳጅ አልቆ መቆምም እንደ ብልሽት ሳይሆን እንደ ጥፋት ስለሚቆጠር ያስቀጣል።

የድልድዩ ልጅ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፤ እህቴም እያነበበች ነው። ጋሼ፣ የጎማውን ፎቶ እንዲልክልኝ ለእህቴ ባለቤት ነግሬዋለሁ። የቀረኝ ጥያቄ አንድ ነው፤ ቪዛዬ ለ75 ቀን ነው፤ መኪናው የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ቢቆም ምን ይውጠኛል?

ከአምባሳደር ማዶ

የጉዞ ሰነድ የማዘጋጀት ሥራ ላይ ስላለሁ ይህን ልመልስ። የሼንገን አጭር ቪዛ ቢበዛ በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ይፈቅዳል፤ የሚቆጠረው ግን ቪዛው ላይ የተጻፈው ቀን ነው፤ የገቡበትም የሚወጡበትም ቀን ሙሉ ቀን ሆነው ይቆጠራሉ። 75 ቀን ተፈቅዶልዎ 70 ቀን ጉዞ ማቀድ ለአሮጌ መኪና የሚተወው መጠባበቂያ አምስት ቀን ብቻ ነው፤ የአራት ኪሎዋ እህታችን በአንድ ቺንጋ ብቻ ሦስት ሌሊት አሳልፋለች። እኔ ብሆን ጉዞውን ወደ 55 ቀን አወርደው ነበር። ከቫሌንሲያ ይልቅ ባርሴሎና ላይ ብትመለሱ ምን ይጎድላችኋል?

ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መውጣት ያልቻለ ሰው፣ ቪዛው ሳያልቅ ባለበት አገር ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ቀርቦ እንዲራዘምለት መጠየቅ ይችላል፤ ሕጉ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ነገር ግን መኪና ስለተበላሸ ብቻ ይራዘምልኛል ብለው አይተማመኑ፤ ሰውየው በባቡር ወይም በአውሮፕላን መሄድ ይችላልና። መኪናው ጋራዥ ይቅር፤ እርስዎ ግን በቀንዎ ይውጡ። የመኪናው ባለቤት የእህትዎ ባል ስለሆነ፣ እሱ በሌለበት መኪናውን የሚረከበው ሰው ጋራዡ ፊት እንዳይጉላላ በፊርማው የተደገፈ የፈቃድ ደብዳቤ በመኪናው ውስጥ ይቀመጥ። እዚህ ውክልና እንደምንለው ዓይነት ነው፤ ያን ያህል ማኅተም ግን አይጠይቅም።

ሁለት ነገር ይቀረኛል። ለቪዛው የገዙት ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ኢንሹራንስ የእርስዎን ሕክምና እንጂ የመኪናውን ጥገና አይነካም። ቪዛዎ የአንድ ጊዜ መግቢያ ከሆነ ደግሞ ከሼንገን ክልል አንድ ጊዜ ከወጡ መመለስ የለም፤ ስዊዘርላንድና ክሮኤሺያ በክልሉ ውስጥ ናቸው፤ ቦስኒያና ሰርቢያ ግን አይደሉም። ጥገና ርካሽ ነው ተብሎ ወደ እነሱ ጎራ ማለት ለእህትዎ የሚቻል ቢሆንም ለእርስዎ አይቻልም።

ቦሌ መንገድ

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ይህን ሁሉ ጣጣ ከመሸከም አዲስ ካምፐር መከራየት አይቀልም? ሲበላሽ ኪራይ ሰጪው ይጨነቅበት።

መካኒኩ ዘተክለ ሃይማኖት

ለሁለት ሳምንት ጉዞ ቢሆን እስማማ ነበር። ለሁለት ወር ግን፣ ያውም በሐምሌና በነሐሴ፣ ኪራዩ ይህን ዱካቶ ደጋግሞ ያስጠግናል። አዲሱም ቢሆን የራሱ አመል አለው፤ አድብሉ የሚባለው የጭስ ማጽጃ ፈሳሽ ካለቀበት ሞተሩ ጤነኛ ሆኖ ሳለ አልነሳም ይላል፤ ስህተቱን ለማንበብም ኮምፒውተር ይፈልጋል። የአሮጌውን ችግር በጆሮህም በአፍንጫህም ታውቀዋለህ።

የድልድዩ ልጅ (ጠያቂ)

ጉዞውን ወደ 56 ቀን አውርደነዋል፤ ቫሌንሲያ ቀርታለች። ቺንጋውን በተመለከተ የእህቴ ባለቤት ወረቀት ፈልጎ አላገኘም፤ ለሚቀጥለው ማክሰኞ ጋራዥ ቀጠሮ ይዟል። የጎማው ፎቶም ደርሶኛል። አራቱም ላይ 2213 ይላል፤ ጥርሱ ግን አዲስ ይመስላል፤ ስኮርታው ላይ ደግሞ ሦስት አኃዝ ብቻ፣ 098 ተጽፏል።

መካኒኩ ዘተክለ ሃይማኖት

አራቱ በፈረንጆቹ 2013 በ22ኛው ሳምንት የተሠሩ ናቸው። ሦስት አኃዝ ይጻፍ የነበረው ከ2000 በፊት ነው፤ 098 ማለት የ1998 9ኛ ሳምንት ነውና ስኮርታው ከመኪናው ጋር ተወልዶ አንድም ቀን መሬት አልነካም። አምስቱም ይቀየሩ፤ ሲገዛ ለካምፐር የሚሠራውን፣ ጎኑ ላይ ሲፒ የሚል ምልክት ያለበትን ይጠይቅ። ማክሰኞ የፍሬኑን ዘይትም አብረው እንዲቀይሩለት አስታውሰው።